የዳምጠው የልብ ትርታ

ዘርፈሽዋል ወልደአማኑኤል ተጠራጣሪ ናት። ይህን እሷም አትክድም። የቡታጅራ ነጋዴ ዋጋ ቢቀንስላት «እቃው ምን ቢሆን ነው?» ትላለች። በአውራጃው ጽሕፈት ቤት አለቃዋ ካመሰገናት የሚታየፕ ወረቀት ሊቆልልባት እንደሆነ ወዲያው ይገባታል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያሉ ያሳደጓት አባቷ ናቸውና ሌላ ከማን ትማረዋለች? በዚህች ምድር ላይ ጠርጥራ የማታውቀው አንድ ሰው ቢኖር ገሠሠ ነበር። እሱንም በታኅሣሥ ወር 1964 ዓ.ም. በአንዱ ሐሙስ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ጠረጠረችው።

ገሠሠ ደብረ ዘይት ተምሮ የመጣ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው። በየገጠሩ ከብት ሲከትብ ይሰነብትና የሳምንቱን ሪፖርት ለታይፕ ወደ ዘርፌ ጠረጴዛ ያመጣል። በሪፖርቱ ሁለተኛና ሦስተኛ ገጽ መካከል ደግሞ የማይታየፕ ሌላ ወረቀት ይኖራል። የመስቃን ከብት ስንት እንደታመመና ገሠሠ ለዘርፌ ስንት እንደታመመ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ማህደር ሲመላለስ ኖረ። እሷም መልሷን በእጇ ጽፋ በሚመለሰው ሪፖርት ውስጥ ትሸጉጥለታለች። አለቃዋ ስለ ከብት ክትባት እንዲህ የሚቆረቆር ጸሐፊ አይቼ አላውቅም ይል ነበር።

ችግሩ አንድ ነው፤ ትንሽ ግን አይደለም። የገሠሠ አባት ከከተማው ጫፍ ወናፍና መዶሻ ይዘው የሚውሉ ቀጥቃጭ ናቸው። የዘርፌ አባት ግራዝማች ወልደአማኑኤል ናቸው። ግራዝማች በፈረሳቸው አፍ ውስጥ ያለውን ልጓም የቀጠቀጡት የገሠሠ አባት እንደሆኑ ያውቃሉ። ለፈረሳቸው አፍ የበቃ እጅ ለልጃቸው ጋብቻ ይበቃል ብለው ግን በሕልማቸውም አስበው አያውቁም።

ስለዚህ ገሠሠ ከሁለት ሳምንት በፊት ሽማግሌ ሲልክ፣ አገሩ ሁሉ ውሻ ይለቀቅባቸዋል ብሎ ጠበቀ። ግራዝማች ግን ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው ክትፎ አበሉና «ከፈረስ ግልቢያው በኋላ ባለው ቅዳሜ ተመለሱ። መልሴን ያን ጊዜ ትሰማላችሁ» አሏቸው። ዘርፌ ጓዳ ገብታ በደስታ አለቀሰች። ለምን ከግልቢያው በኋላ እንደሆነ መጠየቅ ነበረባት። አልጠየቀችም።

ያን ሐሙስ ራሷን አሟት ከሥራ ቀደም ብላ ስትመለስ ገሠሠን ከአባቷ ግቢ ሲወጣ አየችው። አባቷም እስከ አጥሩ በር ሸኙት። ግብር ሰብሳቢውን እንኳ ከወንበራቸው ሳይነሡ የሚያሰናብቱት ግራዝማች፣ የቀጥቃጩን ልጅ እስከ በር ሸኝተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ዘርፌ በጎረቤት እንሰት ተከልላ ቀረች።

እዚያው ቆማ ነገሩን ደማመረችው። ከነገ ወዲያ ግልቢያው ነው። ከቡታጅራ ቆሼ፣ ከቆሼ ቡታጅራ፣ ስልሳ ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ። ቆሼ ላይ ፈረሶቹን መርምሮ «ይለፍ» ወይም «ይቁም» የሚለው ገሠሠ ነው። የአባቷ ፈረስ ዳምጠው ይሮጣል። የአባቷ መልስ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

«ዋንጫውን በእኔ ሊገዙት ነው» አለች በልቧ። «እሱም ሊሸጥላቸው።»

እቤት ገብታ «አባባ፣ ያ የከብት ሐኪም ምን ፈልጎ መጣ?» ብላ ጠየቀች፤ እንደ ዋዛ ለማስመሰል ነጠላዋን እያጠፈች።

«ፈረስ ሊያይ።»

«ዳምጠው ታሞ ነው?»

«ፈረስ የሚታየው ሲታመም ብቻ ነው እንዴ?» አሉና ወደ ጋጣው ሄዱ። እያፏጩ ነበር። አባቷ ሲያፏጩ ሰምታ አታውቅም።

ዓርብ ጠዋት ገሠሠ ሪፖርቱን አመጣ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ገጽ ገለጠች። ምንም የለም። ቀና ስትል ዐይኑን ከእሷ አሽሽቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ያያል።

«ትናንት የት ዋልክ?» አለችው።

«የታዘዝኩበት።»

«ማን ነው ያዘዘህ?»

«ይህን አንቺ ትጠይቂኛለሽ?» ብሎ ሳቀ፤ የአንገት በላይ ሳቅ። «ግድ የለም ዘርፌ። ማን ምን እንደሚፈልግ ነገ ቆሼ ላይ ይታወቃል።»

ወጥቶ ሄደ። እሷ ወረቀቱን የጽሕፈት መኪናው ውስጥ አስገብታ አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ደግማ መታችው። ሁለት ዓመት የተጻጻፈችው ሰው በአንድ ቀን የማታውቀው ሰው ሆነባት።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ አሥራ አራት ፈረሶች ከቡታጅራ ተነሡ። የግልቢያው ኮሚቴ መዝጋቢ ያደረጋትን ዘርፌንና ገሠሠን ይዞ በላንድሮቨር ቀድሞ ቆሼ ገባ። ቆሼ በርበሬዋን አስጥታ ስለነበር በየደጁ ሰሌኑ ቀልቷል፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ኮሚቴውም ተመልካቹም እኩል ያነጥሳል። ከአንድ ትልቅ ግራር ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቶ ዘርፌ የፈረሶቹን ካርድ ይዛ ተቀመጠች። ገሠሠ የልብ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከአጠገቧ ቆመ። በመካከላቸው አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ነበር፤ ዝዋይ ሐይቅን ያህል ሰፋባት።

የግልቢያው አዛዥ ከፈረሰኛ ጦር በጡረታ የወጡት ሻለቃ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው። ባለፈው ዓመት አንደኛ የወጣው ፈረስ ዋንጫው ለጌታው ሲሰጥ እዚያው ሜዳ ላይ ወድቆ ሞቶ ነበር። ሻለቃ ከዚያ ቀን ወዲህ ፈረስ ለገደለ ሰው ጨብጬ አልሸልምም ብለው ማሉ፤ ደንብም ጻፉ። ቆሼ የደረሰ ፈረስ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ከዚያ በኋላ ልቡ በደቂቃ ከስልሳ አራት ጊዜ በላይ ከመታ አይመለስም፤ ይቆማል። ቡታጅራ ሲመለስም ከመሸለሙ በፊት እንዲሁ ይመረመራል። ካርዱ ላይ ሐኪሙ ይፈርማል፤ ከሥሩ መዝጋቢዋ ትፈርማለች። ያለ ሁለቱ ፊርማ ካርድ አይጸናም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን አቧራው ታየ። ወዲያው ጩኸቱ ተነሣ።

«አባ ዳምጠው! አባ ዳምጠው!»

ጩኸቱ ለፈረሱ አይደለም፤ ለግራዝማች ነው። በዚያ ዘመን ባለ ፈረስ የሚከበረው በፈረሱ ስም ነውና አገሩ ግራዝማችን የሚጠራቸው አባ ዳምጠው ብሎ ነው። ፈረሱ ሲቀድም ጌታው ቀደመ ይባላል። ፈረሱ ከቀረም ቀረ የሚባለው ጌታው ነው። ግራዝማች በሻለቃ መኪና መጥተው ከግራሩ ማዶ ባርኔጣቸውን ደፍተው ቆመዋል። ስማቸው ሲጠራ ደረታቸው ሰፋ።

ዳምጠው ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ገባ። ጋላቢው ከድሮ ነው፤ በመስቃን እሱን የሚያህል ጋላቢ የለም። ፈረሱ ግን አረፋ ለብሷል፤ አፍንጫው እንደ ወናፍ ይከፈታል ይዘጋል። ገሠሠ አዳምጦ «ዘጠና ስድስት» አለ። «ግማሽ ሰዓት አለው።» ከዚያ የአንገቱን ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ለቀቀ። ቆዳው ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ እንደተጨማደደ ቆየ።

«ከድሮ፣ ውሃ የት የት አጠጣኸው?»

ከድሮ በዐይኑ ግራዝማችን ፈለገ። «ወላሂ ሐኪም… እንዳታጠጣው ተብዬ…»

«የጠጣ ፈረስ አይሮጥም!» አሉ ግራዝማች እየቀረቡ። «አባቴም እንዲሁ ነበር የጋለቡት። ሆዱን ውሃ ሞልተህ ምን ሊሆንልህ ነው?»

«የእርስዎ አባት ጋልበው ይደርሱና ያርፉ ነበር፣ ግራዝማች። ይሄ ገና ግማሹን ነው የሄደው» አለ ገሠሠ በዝግታ።

ግራዝማች አልተቆጡም። ዘርፌን የገረማት ይህ ነው። ፈገግ ብለው «እሱን ለአንተ ትቻለሁ፤ አንተ ታውቃለህ» አሉና ትከሻውን እንደገና መታ አደረጉት። ዘርፌ የካርዱን ጠርዝ በጥፍሯ ቀደደችው።

በዚህ መሃል የመስቃኑ ገበሬ ሳኒ፣ እህል የሚጭንባትን ቡላ ባዝራ እያሶመሶመ ገባ፤ አምስተኛ ነው። ባዝራዋ በየወንዙ ቆማ ስትጠጣ አይተው መንገድ ላይ ሲስቁበት የነበሩት አሁንም ሳቁ። ሳኒም አብሯቸው ሳቀ። «ይቺ እንደ ሃሊማዬ ናት» አለ፤ ሃሊማ ሚስቱ ናት። «ያቺ ሱቅ፣ ይቺ ወንዝ ሳታይ አታልፍም!» የባዝራዋ ልብ ግማሽ ሰዓቱ ሳያልቅ ሃምሳ ሁለት ሆነ። ገሠሠ ፈረመ፤ ዘርፌ ፈረመች፤ ሳኒ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ባዝራውን እንደገና ወደ ውሃ ወሰዳት።

የዳምጠው ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ሲል ዘርፌ ከራሷ ጋር ክርክር ገጠመች። ቢያሳልፈው ሸጦኛል። ባያሳልፈው አልፈለገኝም። በሁለቱም በኩል መውጫ የላትም። እንዲያሳልፈው ትመኝ እንዳያሳልፈው እሷም አላወቀችም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ የገሠሠን ፊት ማየት አቅቷታል።

ገሠሠ ማዳመጫውን ከፈረሱ የግራ ክንድ ሥር አድርጎ ሰዓቱን እያየ ቆጠረ።  እንደገና ቆጠረ። ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። የትኛውንም ፈረስ ሦስት ጊዜ አልቆጠረም ነበርና ዘርፌ «የሚነግራቸውን ቁጥር እየፈለገ ነው» አለች በልቧ።

«ሰባ ስድስት» አለ ገሠሠ። «ይቁም።»

 ግራዝማች መጀመሪያ ቀልድ እንደተነገረው ሰው ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ፊታቸው ላይ ደረቀ።

«እንደገና ቁጠር።»

«ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ግራዝማች።»

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች!» ብለው ጮኹ ግራዝማች፤ ወደ ሰዉ ዞረው። «ጎማ አንገቱ ላይ ስላንጠለጠለ ማን እንደሆነ የጠፋን መሰለው! የቀጥቃጭ ልጅ በእኔ ፈረስ ይፍረድ?»

«አባቴ ቀጥቃጭ ናቸው» አለ ገሠሠ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልወረደም። «ፈረሱ ግን ሰባ ስድስት ነው።»

ዘርፌ «አልፈለገኝም» አለች በልቧ። ሽማግሌ ልኮ፣ አባቷን አይቶ፣ መልሱ በደጁ ደርሶ ሳለ በሰው ሁሉ ፊት ጣላት። ሁለት ዓመት የጻፈላት ምን ነበር? አባቴን ለማዋረድ ይሆን እንዴ የቀረበኝ? የአባቱን ቂም በእኔ ሊወጣ? ጥርጣሬ አንዴ በር ከተከፈተለት ዘመዱን ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው።

«ልጄ ትቁጠር!» አሉ ግራዝማች ድንገት። «ካርዱ ላይ የምትፈርመው እሷ አይደለችም? ልጄ ዋሽታ አታውቅም፤ አገር ያውቃል። እሷ ያለችውን እቀበላለሁ።»

ሻለቃ አሰቡና «ፈራሚ የመቁጠር መብት አለው» አሉ። «ቁጠሪ፣ ልጄ።»

አባቷ አዩዋት። ያን አስተያየት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ልጄ ዋሽታ አታውቅም ብለው፣ በዐይናቸው ግን አንድ ጊዜ ዋሺልኝ እያሉ ነበር።

የልብ ትርታ መቁጠር ያስተማራት ገሠሠ ነው። አንድ ቀን ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ቆሞ ሳለ ጣቶቿን ይዞ ከመንጋጋው ሥር አሳረፈላት። «እዚህ ጋ፤ ቀስ በይ፤ ይመጣልሻል» አላት። ያን ቀን የፈረሱን ልብ ከራሷ ልብ መለየት አቅቷት ነበር።

አሁን ብቻዋን ቀረበች። ዳምጠው ሽታዋን አውቆ ከባድ ራሱን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ውርንጭላ ሳለ ከእጇ ገብስ እየበላ ነው ያደገው። ጣቷን ከመንጋጋው ሥር አገባች፤ ሻለቃ ሰዓታቸውን ይዘው «ጀምሪ» አሏት። ስልሳ ብትል ማንም አይከራከራትም። አባቷ ይስቃሉ፤ ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ዳምጠውም በዚያ ፀሐይ ሌላ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከጣቷ ሥር ያለው ልብ ግን ለማንም አያደላም። ይመታል፤ ይመታል፤ ይመታል። እንባዋ እየወረደ ቆጠረች።

«በቃ» አሉ ሻለቃ። «ስንት?»

«ሰባ ስምንት።»

ከሐኪሙም በሁለት በለጠ። ሰዉ አጉተመተመ። ግራዝማች ልጃቸውን አዩዋት፤ ከዚያ መሬቱን አዩ።  ባርኔጣቸውን አውልቀው ኮርቻው ላይ አንጠለጠሉና ልጓሙን ከከድሮ እጅ ተቀበሉ። ሻለቃ መኪና ውስጥ እንዲገቡ ለመኗቸው፤ እንዳልሰሙ ሆነው ፈረሳቸውን ወደ ጥላ ወሰዱት። ዘርፌ «ዳምጠው» በሚለው ካርድ ላይ ፊርማዋን ስታኖር በአባቷ ስም ላይ አፈር የመለሰች መሰላት።

የቀሩት ፈረሶች እስኪገቡ ጥቂት ጊዜ ነበር። ከጠረጴዛው ተነሥታ ከግራሩ ጀርባ ሄደች። ገሠሠ ተከተላት።

«ሰባ ስምንት ነበር» አለችው፤ ፊቷን ሳታዞር። «አንተ ሰባ ስድስት አልክ። ከአባቴ ጋር የተነጋገርከው ስንት ልትል ነበር? በስንት ልሸጥ ነበር?»

«እኔ ነኝ የሸጥኩሽ?» አለ ገሠሠ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋላት። «ራስሽ ጽፈሽ ራስሽ ትጠይቂያለሽ?»

ወረቀቱ በታይፕ የተመታ ነው። «ውድ ገሠሠ፣ የአባቴ ፈረስ ቆሼ ላይ ካለፈ እኔም ያንተ ነኝ። ካላለፈ ግን ከእንግዲህ አታስበኝ። ዘርፈሽዋል ወልደአማኑኤል» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይህን ማን ሰጠህ?»

«ረቡዕ ዕለት ተላላኪ አመጣልኝ። ሐሙስ አባትሽ አስጠሩኝ፤ ፈረሱን አሳዩኝና ልጄ ያለችህን አትርሳ አሉኝ። ምን ልበል? አንቺም አለሽበት ብዬ አመንኩ።»

«ገሠሠ!» አለች። «ቀኑን ሙሉ ታይፕ ስመታ ነው የምውለው። ላንተ አንድ ቀን በታይፕ ጽፌ አውቃለሁ? አንድ ቀን እስከ አባቴ ስም ፈርሜልህ አውቃለሁ?»

ጽፋለት አታውቅም። እሱም ያን ጊዜ ገባው፤ ፊቱ ዓመድ መሰለ።  ሐሙስንና ዓርብን በከንቱ ያጠፉ ሁለት ሰዎች፣ ማን ማንን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ጠፍቷቸው ቆሙ።

«ታዲያ ለምን ሰባ ስድስት አልክ?» አለችው በመጨረሻ። «ለምን ሁለት ቀነስክ?»

ገሠሠ ማዳመጫውን በእጁ ጠመዘዘው። «ሦስቱም ጊዜ ሰባ ስምንት ነበር» አለ። «ስልሳ አራት ልል አፌን ከፈትኩ፣ ዘርፌ። አልዋሽሽም። አንቺን ላለማጣት ልዋሽ ነበር። ሁለቱን ዋጥኳቸው። ከሁለት በላይ ግን ጉሮሮዬ እምቢ አለኝ።»

ሰው ፍቅሩን በስንት ዓይነት ቃል ሲገልጽ አንብባለች፤ እሱ ራሱ በከብት ሪፖርት መካከል በብዙ ቃል ገልጾላታል። ከዚያ ሁሉ አንዱም እንደዚህ አልገባትም። ያን ሐቀኛ ሰው ሁለት ምት ያሰረቀችው እሷ ናት። ከዚያ በላይ ቢሰርቅ ኖሮ አታምነውም ነበር፤ ምንም ባይሰርቅ ደግሞ አልወደደኝም ብላ ዕድሜ ልኳን ትጠረጥረው ነበር። ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት፤ ጉንጯን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አባቴ ከእንግዲህ አይሰጡኝም» አለች።

«አውቃለሁ» አለ። እንደዚያም ሆኖ ሁለት ቀን ሙሉ የሸሻት ዐይኑ ከዐይኗ አልተነሣም፤ እሷም መላ አካላቷ ሞቃት።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቡታጅራ ሜዳው ሞላ። በመጨረሻው ምርመራ ከሳኒ ቀድመው ቡታጅራ ከገቡት ሁለት ፈረሶች አንዱ አነከሰ፤ የሌላው ልብ በግማሽ ሰዓት አልወርድ አለ። ዋንጫው ለሳኒና ለቡላዋ ባዝራ ሆነ። ሳኒ ዋንጫውን ከሻለቃ እጅ ተቀብሎ ውስጡን አየና «ይሄ ውሃ ይይዛል?» ብሎ ጠየቀ። መንገድ ላይ የሳቁበት ሁሉ ሳቁ፤ አሁን ግን ከእሱ ጋር ነው የሳቁት።

ደንቡ የእያንዳንዱ ፈረስ ውጤት ለሕዝብ ይነበብ ይላል። አንባቢዋ ዘርፌ ናት። ዘጠነኛው መስመር ላይ ስትደርስ በፊት ረድፍ ለአባቷ የተዘጋጀውን ባዶ ወንበር አየች። ከጠዋት ጀምሮ ማንም አላያቸውም። «ዳምጠው» ብላ አነበበች። «ቆሼ ላይ በሐኪም ትእዛዝ ቆሟል።»  አንዳንዶቹ በልጅቷ ድፍረት ተገርመው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ቀጣዩን ስም ጠራች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ድንኳኑ እየፈረሰ ሳለ፣ በቆሼ መንገድ አንድ ሰው ፈረስ እየሳበ በእግሩ ሲመጣ ታየ። ከኋላው ከድሮ ኮርቻውን ተሸክሟል። ግራዝማች ወልደአማኑኤል ናቸው። ጫማቸው አቧራ ሆኗል፤ ኩታቸው በዳምጠው ጀርባ ላይ ተጥሏል። አገሩ ግራዝማችን በእግራቸው ሲሄዱ ያየው ለቀብር ብቻ ነው። በሜዳው የቀረው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ቸግሮት ዝም ብሎ መንገድ ለቀቀ።

ግራዝማች ማንንም አላዩም። ቀጥ ብለው ወደ ገሠሠ ሄዱና ልጓሙን ዘረጉለት።

«እየው» አሉት። «በየወንዙ አጠጣሁት። ሰባት ቦታ ጠጣ።»

ገሠሠ ድዱን ገልጦ አየ፤ ቆዳውን ቆነጠጠ፤ ከክንዱ ሥር አዳመጠ። በዚህ ጊዜ አንዴ ብቻ ነው የቆጠረው። «ደህና ነው፣ ግራዝማች። ሦስት ቀን ይረፍ» አለ።

«ከወጣን በኋላ አንድ ጉብታ ላይ እግሩ ተብረከረከ» አሉ ግራዝማች። «ማንም ሳይቀመጥበት፣ ባዶ ጀርባውን። ከድሮ ላዩ ላይ ሆኖ እየገረፈው ቢሆን ኖሮ…» አልጨረሱትም። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ያን ወረቀት ያጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቄያለሁ፣ አባባ።»

«ይህ ልጅ ይፈራኛል ብዬ ነበር። የሚፈሩኝን አውቃቸዋለሁ፤ የጠጣ ፈረስ አይሮጥም ስላቸው ልክ ነው ይሉኛል። ዛሬ ቆሼ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ፈረሴ እንደሚሞት እያየ ስሜን ይጠራ ነበር።» ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ይምጡ።»

ገሠሠ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

«እሺ አላልኩም!» አሉ ግራዝማች በቁጣ። «ይምጡ ነው ያልኩት። አባትህም አብረው ይምጡ፤ ከደጅ ሳይሆን ከእኔ ጎን ይቀመጣሉ።»

ዘርፌ አባቷን አየቻቸው። ከዚህ በስተጀርባ ምን አለ? ማንን ሊያታልሉ ነው? ልማዷ ነውና የፊታቸውን መስመር ሁሉ አንድ በአንድ መረመረች። ያገኘችው ደክሟቸው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ እጃቸው የፈረሳቸውን አንገት አልለቅም ብሏል። ለፈረሱ ሰባት ቦታ ሲያጠጡ እሳቸው ጠብታ እንዳልቀመሱ ያን ጊዜ ገባት። ሮጣ የራሷን ውሃ አመጣችላቸውና ሲጠጡ ቆማ አየቻቸው። አባቷን እንዲህ ወዳቸው አታውቅም ነበር፤ ስለ ቅዳሜም ለመጀመሪያ ጊዜ አልፈራችም።